ሁለት ሳሙኤሎች በአንድ ሰርቨር

የምነግራችሁ ነገር አብዛኛው ከጠዋት እስከ ምሽት በአንድ ቀን ውስጥ የሆነ ነው። ለሰው ሳወራው ብዙ ጊዜ መሃል ላይ አቋርጠዋለሁ። ኢሜይል፣ ሰርቨር፣ ዶሜን ስል የሰሚው ዓይን ይፈዛል፤ እኔም የነገሩ ሁሉ ሥር እዚያ ውስጥ መሆኑን ማስረዳት ይሰለቸኛል። በጽሑፍ ግን ማንም አያቋርጠኝምና እስከ መጨረሻው ልሞክር።

ራሔል እባላለሁ። ሐዋሳ ተወልጄ ሐዋሳ ያደግኩ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ቢሮ የለኝም። ያለኝ አንድ የጀርባ ቦርሳ፣ አንድ ላፕቶፕና በየድርጅቱ ስልኬን የያዙ ሰዎች ናቸው። ሆቴሉም፣ ፋርማሲውም፣ ትምህርት ቤቱም ሲቸግራቸው ይደውሉልኛል፤ የሚሉኝም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ራሔል፣ ኔትወርክ የለም።» ሶኬቱ ተነቅሎ ከሆነም ኔትወርክ የለም ነው። ፓስወርዳቸውን ረስተው ከሆነም ኔትወርክ ነው። በዚህ ከተማ ያልሠራ ነገር ሁሉ ጥፋቱ የሚላከከው በኔትወርክ ላይ ነው። እኔም በዚህ ስስቅ፣ በዚህ ስናደድ፣ በዚሁ እንጀራዬን ስበላ የኖርኩ ሰው ነኝ።

በዚያን ጊዜ ከአባቴ ጋር ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ ቤታችን ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ነው። እናቴ ካረፈች ቆይታለች። አባቴ ተሾመ ገብሬ ዕድሜውን ሙሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነበር። ከጡረታ በኋላ ሥራው ከሰዓት በኋላ አሞራ ገደል ሄዶ፣ ከድሮ ጓደኞቹ ጋር የዓሣ ሾርባ እየጠጣ ሐይቁን ማየት ሆነ። በዚህ መሃል አንገቱ ላይ እጢ ወጣበት። መጀመሪያ «ትንኝ ነክሶኝ ነው» አለ። ቀጥሎ «ትራሱ ነው» አለ። እኔ ደግሞ ግትርነቴን የወረስኩት ከእሱ ነውና ጎትቼ ክሊኒክ ወሰድኩት። ዶክተር ሳሙኤል ዳሰሱት፤ ፊታቸውን ሳይለውጡ ናሙና ወስደው አዲስ አበባ ወዳለ ላቦራቶሪ ላኩት። «ውጤቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ በኢሜይል ይደርሰናል» አሉን።

ሁለቱ ሳምንት አለፈ። ሌሎች ሳምንታት ተደረቡበት። ክሊኒኩ በሄድኩ ቁጥር እንግዳ ተቀባይዋ «አልደረሰም እህቴ፣ ኔትወርክ ነው መሰለኝ» ትለኛለች። ዶክተሩ ራሳቸው ላቦራቶሪው ጋ ደወሉ። «ልከናል» አሏቸው። ፈለጉ፣ አጡ። «እባካችሁ እንደገና ላኩልኝ» አሉ። «ልከናል» ተባሉ። አሁንም የለም።

እጢው ግን ኔትወርክ አላስፈለገውም፤ ያድግ ነበር። አባቴ የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ መቆለፍ ተወ። እራት ስንበላ ዓይኔ ወደ አንገቱ ይሄዳል፤ እሱ ሲያየኝ ወደ ሳህኑ ይመለሳል። «ክፉ ነገር ቢሆን ኖሮ ይቸኩሉ ነበር» ይለኛል። እኔም ማመን ስለፈለግኩ አመንኩት።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሐጂ ሙደሲር ደወሉልኝ። ሐጂ እዚሁ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ ሆቴል አላቸው፤ ሁለት ጊዜ ዋይፋያቸውን ሠርቼላቸዋለሁ።

«ልጄ፣ ኔትወርክ አስቸገረን» አሉ።

«ምን ሆነ ሐጂ?»

«የሆቴሉ ኢሜይል ደህና ነው። የክሊኒኩ ግን ለአንዱ ይደርሳል፣ ለአንዱ አይደርስም። ዶክተሩ ተቆጡን። የሠራው ልጅ ደግሞ ዱባይ ገብቷል።»

«ክሊኒክም አለዎት እንዴ?»

«ከልጄ ጋር የከፈትነው ነው፤ እናንተው ሰፈር፣ ምሥራቅ» ብለው ስሙን ነገሩኝ። የአባቴ ክሊኒክ ነው። ቆሜ ነበር፤ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ።

«አሁኑኑ እመጣለሁ» አልኳቸው። ስለ ክፍያ ሳንነጋገር ስልኩን ዘጋሁት።

ሰርቨሩ የሚገኘው በሆቴሉ ሒሳብ ክፍል፣ ጠረጴዛ ሥር ነው። አቧራ የለበሰ ተራ ኮምፒውተር ነው፤ ላዩ ላይ ደረሰኝ የተሞላ ካርቶን ተቀምጦበታል። የሒሳብ ሠራተኛውም እንደ ዶክተሩ ሳሙኤል ይባላል። ሰው ሲገባ ከወንበሩ የሚነሳ፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነው። ካርቶኑን አነሳልኝ፣ አቧራውን በመሃረቡ ጠረገልኝ፤ ወንበሩንም ለቆልኝ ጥግ ላይ ቆመ።

ከፍቼ ሳየው ነገሩ ብዙም ሳይቆይ ገባኝ። እናንተም እንዲገባችሁ ትንሽ ታገሡኝ። የኢሜይል አድራሻ ሁለት ወገን አለው። ከክቧ ምልክት በፊት የሰውየው ስም አለ፤ ከምልክቷ በኋላ የድርጅቱ። ይህን ሁለተኛውን ነው ዶሜን የምንለው። አንድ ሰርቨር የሁለትም፣ የአሥርም ድርጅት ደብዳቤ መቀበል ይችላል፤ ግን የሆቴሉ ሳሙኤል ሌላ ሰው፣ የክሊኒኩ ሳሙኤል ሌላ ሰው መሆኑ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ካልተነገረው ሁለቱንም ዶሜን የራሴ ነው ብሎ ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ የሚያየው ስሙን ብቻ ነው። ሳሙኤል የሚል ከመጣ፣ ሳሙኤል የሚባል ሳጥን አለ፤ እዚያ ይከተዋል።

ዱባይ የሄደው ልጅ የሆቴሉን ሲሠራ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በመጀመሪያ ስሙ ብቻ ሳጥን ከፈተለት። እኛ አገር የአባት ስም ለመታወቂያ ነው፤ ሰው የሚጠራው በስሙ ነው። እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው። በኋላ ክሊኒኩ ሲከፈት ዶሜኑን በዚያው ሰርቨር ላይ ጨመረው። ለዶክተሩ ሳጥን ሊከፍት ሲል ሳሙኤል የሚለው ስም ተይዟል፤ ስለዚህ ከፊቱ ዶክተር የሚል ጨምሮ ሌላ ሳጥን ከፈተላቸው። የዶክተሩ የስም ካርድ ግን ቀድሞ ታትሞ ነበር፤ አድራሻው ሳሙኤል ብቻ ይላል። ላቦራቶሪው ይጽፍ የነበረው ከካርዱ እያየ ነው። ሰርቨሩ «እንዲህ ያለ ሰው አላውቅም» ብሎ ደብዳቤውን ቢመልሰው ኖሮ ላኪዎቹ በዚያው ቀን ይደውሉ ነበር። አልመለሰውም። ተቀብሎ ለሆቴሉ ሒሳብ ሠራተኛ ሰጠው።

ዞሬ አየሁት። ጥግ ላይ እንደቆመ ነው።

«ሳሙኤል፣ የክሊኒክ ደብዳቤ አንተ ጋ ይመጣል?»

አቀረቀረ። «ይመጣል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ክሊኒኩ ከተከፈተ ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«መጀመሪያ ለሠራው ልጅ ነግሬው ነበር። ‹ኔትወርክ ነው፣ ይስተካከላል› አለኝ። ከዚያ በኋላ… ምን ብዬ ልናገር? የሰው ሕመም ነው። የሐጂ ክሊኒክ ነው። የሰው ገመና ሲያይ ነበር እንዳልባል ፈራሁ። ግን አንዱንም አልከፈትኩም። እግዚአብሔር ያውቃል፣ አንዱንም።»

ጎንበስ ብሎ ማውሱን ያዘና ያስቀመጠበትን ማህደር አሳየኝ። «የሌላ ሰው» ብሎ ሰይሞታል። ውስጡ ያልተከፈቱ ደብዳቤዎች፣ ርእሳቸው በደማቅ ጥቁር እንደተጻፈ ተደርድረዋል። እውነቱን ነው፤ አንዱም አልተነካም። የእያንዳንዱ ርእስ የታካሚው ሙሉ ስም ነው። ወደ ታች ወረድኩ። ተሾመ ገብሬ ወልዴ። ትንሽ ዝቅ ስል እንደገና፣ ተሾመ ገብሬ ወልዴ። ሁለት ጊዜ ልከናል ያሉት እውነታቸውን ነበር።

 አንድ ጊዜ መጫን ብቻ ነው የቀረኝ። ያን ሁሉ ሳምንት እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ከጣቴ ሥር ነበር። አልከፈትኩትም። ጨዋነት ነው ብላችሁ እንዳታመሰግኑኝ። በእኛ ሙያ የሰው ደብዳቤ አይነበብም፤ ግን በዚያ ሰዓት ሙያው ትዝ ያለው ማን ነው? ፈርቼ ነው።

«የምታውቂው ሰው አለበት?» አለኝ ሳሙኤል።

«አባቴ።»

መሃረቡን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ «ውኃ ላምጣልሽ?» አለኝ።

ያን ጊዜ ነው የጮህኩበት። «ውኃ? አባቴን ጠረጴዛህ ላይ አስቀምጠህ ስንት ሳምንት ደመወዝ ስትሠራ ከርመህ፣ አሁን ውኃ?» ሌላም ብዙ አልኩት፤ እዚህ አልጽፈውም።  እንባው ብቻ ወረደ፤ እሱ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። የማለቅስበትን ቦታ የወሰደብኝ መሰለኝ።

ለዶክተር ሳሙኤል ደወልኩ። ታካሚ ላይ ነበሩ፤ ጠብቄ ሲመልሱልኝ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስንት ደብዳቤ እንደሆነ ጠየቁኝ። በመጨረሻ «ሁሉንም ወደ እኔ ሳጥን አዛውሪልኝ» አሉ። «የአባትሽን ብቻ አይደለም፣ ሁሉንም። ከጨረስሽ በኋላ ወደዚህ ነይ። ብቻሽን እንዳትከፍቺው፣ እሺ?»

«እሺ ዶክተር» አልኩ።

ማዛወር ጀመርኩ። ግማሽ ሳይሄድ መብራት ጠፋ።

የሆቴሉ ጄኔሬተር ናፍጣ አልነበረውም። ሐጂ ራሳቸው ወርደው በረንዳው ላይ እየተንጎራደዱ ሰው ወደ ማደያ ላኩ። እኔ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሳሙኤል መጥቶ ከእኔ ራቅ ብሎ፣ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። ከመንገዱ የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማል። የአባቴ ውጤት ከኋላችን በጠፋ ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ ሲበራ ግማሹ ተበላሽቶ ቢገኝስ እላለሁ።

«አንድ ቀን ልከፍተው ነበር» አለ ሳሙኤል ሳያየኝ። «የአባትሽ ስም ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ፣ ይሄን ሰው የሚፈልገው አለ አልኩ። ተነስቼ ወደ ሐጂ ሄድኩ፤ እንግዳ ይዘው ነበር። በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ከዚያ ይሉኝታ ያዘኝና ተመለስኩ።»

 ያ በር ላይ የቆመባት ቅጽበት እስከ ዛሬ ድረስ በሐሳቤ ትመጣብኛለች። ስንት ጊዜ በሩን ከፍቼ እንዳስገባሁት አልነግራችሁም።

ናፍጣው መጣ፤ ሰርቨሩ ተነሳ። ደብዳቤዎቹ አልተበላሹም፤ የቀሩትን አዛወርኩ። ከዚያ የመጣሁበትን ሥራ ሠራሁ። ሁለቱን ዶሜኖች ለየኋቸው። ለእያንዳንዱ የራሱን የስም ዝርዝር ሰጠሁት፤ ሳጥኖቹን ሁሉ በስምና በአባት ስም አደረግኩ፤ በካርዱ ላይ ያለው አድራሻ ደግሞ ወደ ዶክተሩ ብቻ እንዲሄድ አሰርኩት። በመጨረሻ ሰርቨሩ የማያውቀውን አድራሻ እንዳይቀበል፣ «አላውቀውም» ብሎ ለላኪው እንዲመልስ አደረግኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ የሠራሁት ሥራ የለም። ግን ለአባቴ ምንም አይጠቅመውም ነበር።

በባጃጅ ምሥራቅ ደረስኩ። ዶክተር ሳሙኤል የቀሩትን ታካሚዎች ለሌላ ሐኪም ሰጥተው ይጠብቁኛል። ከፊታቸው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ።

«በመጡበት ቅደም ተከተል ነው የማያቸው» አሉኝ። «ከአባትሽ በፊት ሌሎች አሉ። እነሱም እንዳንቺው ሲጠብቁ የከረሙ ናቸው። ትችያለሽ? ወይስ ውጭ ትቆያለሽ?»

«እዚሁ ልሁን።»

የመጀመሪያውን ከፈቱ፣ አነበቡ፤ ስልክ አነሱ። አንዲት እናት ነበረች፤ ጡቷ ላይ በወጣ ነገር የተጨነቀች። «ምንም አይደለም፣ ደህና ነሽ» አሏት። የእልልታዋ ድምፅ ከስልኩ አልፎ ክፍሉን ሞላው። ዶክተሩ ስልኩን ከጆሯቸው ራቅ አድርገው ፈገግ አሉ። እኔም ፈገግ አልኩ። መልካም ዜናዎቹ በተራ የሚመጡ፣ እኛም ሰልፉ ውስጥ ያለን መሰለኝ። ሁለተኛውም ደህና ነበር።

ሦስተኛውን ከፈቱ። አነበቡ። ስልኩን አላነሱም።

«ራሔል» አሉ። ከዚያ በፊት በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። «ካንሰር ነው።»

የሚቀጥለውን ነገር አልሰማሁትም። ስለ ዓይነቱ፣ ስለ አዲስ አበባ፣ ስለ ጨረር ሕክምና ያወራሉ። ንግግራቸውን ሲጨርሱ የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«በጊዜው ደርሶ ቢሆን ይድን ነበር?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «አይድንም ነበር ብልሽ ውሸት ነው። ይድን ነበር ብልሽም ውሸት ነው። አላውቅም ልጄ።» ቀጥለው እንደ ባህላችን መከሩኝ፦ «ለእሳቸው ዛሬ እንዳትነግሪ። ዘመድ ሰብስቡና ተማከሩ። ቀስ ተብሎ ነው የሚነገረው።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። ሐሳቤ እንደዚያው ነበር። አጎቴ ከሻሸመኔ ይመጣል፣ የንስሐ አባቱ ይጠራሉ፣ ለእሱ ደግሞ እስከዚያ አንድ ነገር ይባላል። ምን እንደሚባል መንገድ ላይ አሰብኩበት። ቀላል ነበር፤ ውጤቱ ገና አልደረሰም እለዋለሁ።

አሞራ ገደል ስደርስ ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ ማዶ ወርዳለች። ዓሣ ሻጮቹ ጠረጴዛቸውን ያጥባሉ፤ እነዚያ ትልልቅ መላጣ አሞራዎች የተጣለውን ይሻማሉ። አባቴ ሾርባውን ጨርሶ ብቻውን ተቀምጧል። የሸሚዙ አንገት ክፍት ነው። ሲያየኝ ደስ አለው፤ በዚያ ሰዓት መጥቼለት አላውቅም።

«ራሒ! ሾርባ ላስመጣልሽ?»

«ጠግቤያለሁ አባዬ።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሐይቁን አየን። «ክሊኒኩስ?» አለኝ፣ እንደ ዋዛ።

«ኔት…» ብዬ ጀመርኩ። ቃሉን አልጨረስኩትም። ደግሜ ሞከርኩ፤ አልወጣም። ያን ሁሉ ሳምንት እንግዳ ተቀባይዋ ስትለኝ የከረመችውን፣ ዱባይ የሄደው ልጅ ለሳሙኤል ያለውን ቃል አባቴ ፊት ልለው አልቻልኩም። አለቀስኩ።

አባቴ አላባበለኝም። እስክጨርስ ጠበቀና «እኔ ሾፌር ነኝ» አለ። «መንገዱ ክፉ መሆኑ ገብቶኛል። ምን ያህል እንደሚርቅ ብቻ ንገሪኝ።»

ነገርኩት። ውጤቱንም፣ የት እንደከረመም፣ በሳሙኤል ላይ መጮኼንም። ዘመድ አልተሰበሰበም፣ የንስሐ አባት አልነበሩም። እኔና እሱ፣ የታጠበ የዓሣ ጠረጴዛ አጠገብ።

«ያን ሳሙኤል ያልሽውን አምጪልኝ» አለ።

በዚያው ሳምንት ሳሙኤል ቤታችን መጣ። ሙዝና ብርቱካን በፌስታል ይዟል። የተቀመጠው ወንበሩ ጫፍ ላይ ነበር፤ ለመነሳት የተዘጋጀ ይመስላል። አባቴ ፌስታሉን ተቀበለው።

«ደብዳቤዬን ያስቀመጥክልኝ አንተ ነህ?» አለው።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ስማኝ። እነዚያን ሳምንታት ጤነኛ ሆኜ ነው የኖርኳቸው። በልቻለሁ፣ ተኝቻለሁ፣ ከጓደኞቼ ጋር ስቄያለሁ። ከሰማሁ ወዲህ ሾርባው እንኳ አይጣፍጠኝም። እነሱን የሰጠኸኝ አንተ ነህ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ብርቱካን ላጪልን» አለኝ።

ለሳሙኤል ብሎ የተናገረው ይሁን ከልቡ፣ እስካሁን አላውቅም። አዲስ አበባ ተመላለስን፤ ሕክምናውም ተሞከረ። ክረምቱ ሳይገባ አባቴ አረፈ። በቀብሩ ላይ ሳሙኤል አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ ነበር። ተራ ሊቀይሩት ሲመጡ እምቢ ሲል አይቼዋለሁ። አባቴ ይቅር ብሎታል። እኔ ይቅር ማለት የቻልኩባቸው ቀናት አሉ፤ ያልቻልኩባቸውም አሉ።

አንባቢዎቼ፣ ይህን የጻፍኩት ስለ ሰርቨር ላስተምራችሁ አይደለም። በዚህ ነገር ውስጥ አንድም ክፉ ሰው አልነበረም። ዱባይ የሄደው ልጅ ለሳጥኖቹ ስም ሰጠ፤ ሳሙኤል የሰው ገመና ጠበቀ፤ እንግዳ ተቀባይዋ አጽናናችኝ፤ አባቴም አበረታኝ። ሁላችንም ጨዋ ነበርን፤ በመካከላችን እጢው አደገ። የሌላ ሰው ነገር እጃችሁ ላይ ቢወድቅ በክብር አታስቀምጡት። መልሱት። ብታፍሩም፣ ቢቆጧችሁም በር አንኳኩና «ይሄ የእኔ አይደለም» በሉ። ሰው «ኔትወርክ ነው» ብሎ ሲመልሳችሁም ከበሩ አትሂዱ። እኔ ሄጃለሁ።

አባቴ ካረፈ ከወራት በኋላ፣ አንድ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ሳሙኤል ነው። ያለከልካል፤ ደረጃውን ሮጦ የወጣ ይመስላል።

«ራሔል፣ የእኔ ያልሆነ ደብዳቤ መጥቶብኛል። የማላውቀው ሰው ነው የላከው። አሁን፣ አሁን ነው የገባው፤ ወዲያው ነው የደወልኩልሽ።»

«ክፈተውና አንብብልኝ» አልኩት።

ከፈተው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አንድ ቃል ሳይዘል አነበበልኝ። የፍራሽ ማስታወቂያ ነበር፤ ሁለት ለገዛ ትራስ በነፃ። እስከ መጨረሻው ሰማሁት።

«አመሰግናለሁ ሳሙኤል» አልኩት። ስልኩን ዘግቼ፣ አባቴ ከሞተ ጀምሮ ያላለቀስኩለትን አለቀስኩ።